አንድሮሜዳን ማን አነጣት? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወዳጆቼ እየተቀባበሉ ያነበቡትን አንድ ጽሑፍ እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚያወራው ስለ አንድሮሜዳ ነው፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ስለሆነችው። ክሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድሮሜዳ የዛሬይቱ ኢትዮጵያ ልዕልት ነበረች፤ ጥንታውያን ግሪኮችና ሮማውያን በሙሉ ጥቁር መሆኗን ያውቁ ነበር፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ተማክረው ነጭ አደረጓት፤ ሆሊውድ ደግሞ አገሯን ቀማት፤ ስለዚህ ሠዓሊም ሆነ ደራሲ አፈ ታሪክን መለወጥ የለበትም፣ ወደ ዋናው ታሪክ እንመለስ።

ጸሐፊው የተቆጡበት ነገር እኔንም ያስቆጣኛል። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህችን ልጅ ለተማሪዎቼ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ሰው እጁን ያወጣና «የኢትዮጵያ ልጅ ከሆነች ለምን እንዲህ ነጣች?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። መልሱ ግን ጸሐፊው የሰጡት አይደለም። እውነተኛ በደል በተሳሳተ ማስረጃ ሲቀርብ ከሳሹ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። እንዲህ እንዳይሆን ነው ብዕር ያነሳሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ላልሰማ ሰው፦ ካሲዮፔያ ከባሕር ደናግል ሁሉ ውብ ነኝ ብላ ተኩራራች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ በአገሩ ላይ ጎርፍና የባሕር አውሬ ላከ። ልጅቱ ለአውሬው ካልተሰጠች መቅሠፍቱ አይቆምም ተባለ፤ ከባሕር ዳር ዐለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። ጸጉሯ እባብ የሆነውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ በአየር እየበረረ ሲመለስ የነበረው ጀግናው ፐርሴዎስ አያት፤ አውሬውን ገድሎ አገባት። ከሞቱም በኋላ እናት፣ አባት፣ ልጅና አማች ወደ ሰማይ ወጥተው ከዋክብት ሆኑ።

«አንድሮሜዳ የዛሬይቱ ኢትዮጵያ ልጅ ናት፤ አባቷም በአክሱም ነግሦ ነበር» ይላል ጽሑፉ። ይህ አይሆንም። ግሪኮች «አይቲዮፕስ» ሲሉ ፊቱን ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ማለታቸው ነበር እንጂ ድንበሩ የታወቀ አንድ አገር አልነበረም። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር ኢትዮጵያውያን በሁለት የተከፈሉ ናቸው፣ ገሚሶቹ ፀሐይ በምትጠልቅበት ገሚሶቹ በምትወጣበት ይኖራሉ ይላል። ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከአንድሮሜዳና ከፐርሴዎስ ፐርሴስ የሚባል ልጅ ተወለደ፣ ፋርሶችም ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው ብሎ ነገሩን ወደ ፋርስ ይወስደዋል። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአንድ መጽሐፉ ፐርሴዎስ በኢትዮጵያውያን ምድር ላይ ሲበር አያት ይላል፤ በሌላ መጽሐፉ ደግሞ «ከጥቁር ሕንዶች» ዘንድ አመጣት ይላል። አንድ ደራሲ በሁለት መጽሐፍ በሁለት አህጉር ያስቀመጣትን ልጅ እኛ ለአንድ ከተማ ልንሰጣት አንችልም።

የኢትዮጵያ ስም ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ውብ ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው ሳይነኩት ማለፋቸው ያሳዝናል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ባቆመው በሦስት ዓይነት ጽሕፈት በተቀረጸው ድንጋይ ላይ፣ በሌላው «ሐበሠት» የተባለው በግሪክኛው «አይቲዮፕስ» ሆኖ ይገኛል። በዚያው የማዕረግ ዝርዝር ውስጥ «ካሱ»፣ ማለትም በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የሜሮዌ ሰዎች፣ ለብቻቸው ተጠርተዋል። ስሙን በግሪክኛ ለራሱ የወሰደው እንግዲህ የአክሱም ቤተ መንግሥት ነው። ቀጥሎም የመዝሙረ ዳዊት «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» አለ፤ ዕብራይስጡ ኩሽ ያለውን ግሪክኛው ኢትዮጵያ ብሎት ወደ ግእዝ የገባ ነው። እንዲህ ያለ የስም ጉዞ እያለን አንድሮሜዳን ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት በግድ መጎተት ለምን አስፈለገ?

ሁለተኛው ነጥብ ዋናው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። «የጥንት ሰዎች ሁሉ ጥቁር መሆኗን ያውቁ ነበር፤ ነጭ ያደረጓት የአውሮፓ የህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች ናቸው» ተብሏል።

አሜሪካ ውስጥ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ የግሪክ ማሰሮ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 እና በ440 መካከል የተሠራ ነው። አንድሮሜዳ የምሥራቅ ሰዎችን ልብስ ለብሳ ቆማለች፤ እጆቿን ከግንድ ጋር ለማሰር ሰዎች ይራወጣሉ። እነዚህ ሰዎች ያለ ጥርጥር አፍሪካውያን ናቸው፤ ሠዓሊው አፍንጫቸውን፣ ከንፈራቸውንና ጸጉራቸውን ተጠንቅቆ ለይቷል። ልዕልቲቱ ግን እነርሱን አትመስልም፤ መልኳ እንደ ማንኛዋም የግሪክ ሴት ነው። ህዳሴ ከመምጣቱ ከ1800 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ታሪኩን በተረኩት በራሳቸው በግሪኮች እጅ፣ አገልጋዩ ጥቁር እመቤቲቱ ነጭ ሆነው ተሥለዋል። ይህን ማሰሮ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፊሎስትራቶስ የሚባል ግሪካዊ ጸሐፊም አንድ የአንድሮሜዳን ሥዕል ሲገልጽ፣ ልጅቱ ደስ የምታሰኘው በኢትዮጵያ ውስጥ ነጭ በመሆኗ ነው ይላል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ነጭነቷን ያየዋል፣ ከአገሩ ሰው መልክ ጋር እንደማይገጥምም ያውቃል፣ ይህንኑም ያደንቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን የሄሊዮዶረስ ልብ ወለድ ነው። ሄሊዮዶረስ የሶርያዋ የኤሜሳ ሰው ነበር፤ መጽሐፉም የኢትዮጵያን ነገር የሚተርክ ረጅም የፍቅርና የጉዞ ታሪክ ነው። የሜሮዌ ንጉሥ ሃይዳስፔስና ንግሥት ፐርሲና አሥር ዓመት ልጅ ሳያገኙ ይኖራሉ። በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የዘር ሐረጋቸው ጀግኖች ተሥለዋል፤ ከእነርሱም መካከል ፐርሴዎስ አንድሮሜዳን ከዐለቱ ላይ ሲያወርዳት የሚያሳይ ሥዕል አለ። ፐርሲና በጸነሰችበት ሰዓት ዐይኗ ያረፈው በዚህ ሥዕል ላይ ነበር፤ የተወለደችውም ልጅ ነጭ ሆነች። እናት ባሏ በዝሙት እንዳይጠረጥራት ፈርታ ታሪኩን በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል በጨርቅ ላይ ጽፋ ልጅቱን ከጨርቁ ጋር አስጣለቻት። ልጅቱ ካሪክሊያ በግሪክ አገር አድጋ፣ ብዙ መከራ አይታ፣ በመጨረሻ ለመሥዋዕት ልትቀርብ በገዛ አባቷ ፊት ቆመች።

እዚህ ላይ ያለው ትዕይንት በጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ካነበብኳቸው ሁሉ ልቤን የሚይዘው ነው። ንጉሡ «እኔም ንግሥቲቱም ኢትዮጵያውያን ነን፤ እንዴት ነጭ እንወልዳለን?» ይላል። ያኔ ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ ይወርድና ከልጅቱ አጠገብ ይቆማል። ሕዝቡ ሁለቱን እያመሳከረ፣ ከመመሳሰላቸው ብዛት በአድናቆት ይጮኻል። ይህም አልበቃም። ካሪክሊያ የግራ ክንዷን ትገልጣለች፤ በነጩ ክንድ ላይ እንደ ዞጲ ጥቁር የሆነ ምልክት ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከቦት ይታያል። የዘሯ ማስረጃ እርሱ ነው።

ይህን ካነበቡ በኋላ «ጥንታውያን ሁሉ ጥቁር መሆኗን ያውቁ ነበር» ማለት አይቻልም። ሄሊዮዶረስ ያወቀው ሁለት ነገር ነው፦ ኢትዮጵያውያን ጥቁር ናቸው፣ አንድሮሜዳ ደግሞ በሥዕል ነጭ ናት። ሁለቱ አልጣጣም ስላሉት አንዱን አልጣለም፤ ግጭቱን ራሱን የታሪኩ ሞተር አደረገው። ጥያቄው የዛሬ ተማሪዎቼ ጥያቄ ነው፤ ከ1600 ዓመት በፊት የተነሳ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስ፦ በዚያው የመጨረሻ ክፍል ከየአገሩ መልእክተኞች ለንጉሡ እጅ መንሻ ይዘው ሲመጡ አክሱማውያንም ይመጣሉ። ገባሮች ሳይሆኑ የቃል ኪዳን ወዳጆች እንደሆኑ ተነግሮ፣ ቀጭኔ ይዘው ይገባሉ፤ አደባባዩም እንስሳውን አይቶ ይገረማል። አክሱምን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚፈልግ ሰው የሚያገኛት እዚህ ነው። ቀጭኔ እየሳበ የገባው አክሱማዊ በበኩሌ ከተፈጠረች ልዕልት ይልቅ ያኮራኛል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ደግሞ አልነፍጋቸውም፤ ያውም እርሳቸው ራሳቸው ካቀረቡት በተሻለ ሊቀርብ የሚችል ነው። ማስረጃው ከኦቪድ ነው። በኦቪድ ስም በሚታወቅ አንድ የግጥም ደብዳቤ ላይ ባለቅኔዋ ሳፎ ለወደደችው ሰው ስትጽፍ፣ እኔ ነጭ ባልሆንም የኬፌዎስ ልጅ አንድሮሜዳ በአገሯ መልክ ጠይም ሆና ሳለ ለፐርሴዎስ አምራዋለች ትላለች። ጽሑፉ «ጥቁር» ብሎታል፤ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ይመስለኛል። የላቲኑ ቃል «ፉስካ» ነው። ላቲን ለጥቁር «ኒጌር» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ኦቪድም ሕንዶቹን የጠራበት እርሱን ነው። «ፉስካ»ን የሚያህል ቃል አማርኛ አለው፤ ጠይም። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ይህን ቃል የሚያደርሱበት ሲያጡ እኛ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ከልጅነታችን ስንለይ ያደግን ሰዎች ነን። ከማንም በላይ ኦቪድን በዚህ መስመር ላይ ልናነበው የምንችለው እኛ ሆነን ሳለ፣ ቃሉን ከእንግሊዝኛ ተበድረን ማደብዘዛችን ያስቆጨኛል።

ሌላም መስመር አለ፤ ጸሐፊው አላዩትም። ኦቪድ ለሴቶች ስለ አለባበስ ሲመክር፣ ነጭ ልብስ ለጠይሞች ያምራል ይልና ወደ አንድሮሜዳ ዞሮ «የኬፌዎስ ልጅ ሆይ፣ አንቺም በነጭ ታምሪ ነበር» ይላታል። ይህን ሳነብ የማስበው በበዓል ቀን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን የምትወጣ ጠይም ልጅ ነው። ኦቪድ እኛን አያውቀንም፤ የጨርቅና የቆዳን ነገር ግን ያውቃል። ውበቷን ለመናገር ጠይምነቷን መደበቅ አላስፈለገውም። ከጠይምነቷ ነው የተነሳው።

ሦስተኛው ክስ «የአውሮፓ ሠዓሊዎችና ደራሲዎች በሙሉ ተማክረው እውነቱን ደበቁ» የሚል ነው። «በሙሉ» የሚለው ቃል ክሱን ያፈርሰዋል። የስፔኑ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ፓቼኮ፣ የታላቁ የቬላስኬዝ መምህርና አማት፣ በ1649 በታተመው ስለ ሥዕል ሙያ በጻፈው መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ አንስቶታል፦ ደራሲዎች ጥቁር የሚሏትን አንድሮሜዳን ለምን ነጭ አድርገን እንሥላለን? በ1655 ፓሪስ ላይ በወጣ አንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከአብርሃም ፋን ዲፔንቤክ ንድፍ በተቀረጸ ሥዕል አንድሮሜዳ ጥቁር ሆና ቀርባለች። እንግሊዛዊው ሚልተንም በ1645 ባሳተመው አንድ ግጥሙ ጥቁር ውበትን ሲያወድስ፣ ከባሕር ደናግል ጋር በውበት የተፎካከረችውን «በከዋክብት ያጌጠች ኢትዮጵያዊት ንግሥት» አስታውሷል፤ ካሲዮፔያን ማለቱ ነው። ሚስጥር ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰዎች በሦስት አገር በአሥር ዓመት ውስጥ አያነሱትም ነበር።

እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነው። መረጃው ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ሠዓሊዎቹን አላወቁም ብለን በማርናቸው። ግን ያውቁ ነበር። ኦቪድ በእጃቸው ነበር፤ ሄሊዮዶረስም በ1534 ባዝል ላይ ታትሞ፣ በ1547 ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ በየቤቱ ይነበብ ነበር። ወደ ቦስተኑ ማሰሮ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። በፍሎረንስ የኡፊዚ ሙዚየም የሚገኘውን፣ ፒዬሮ ዲ ኮሲሞ በ1510ዎቹ የሠራውን ሥዕል ተመልከቱ። መሃል ላይ አስፈሪው አውሬ ከነጀርባው ከውኃው ወጥቷል፤ ፐርሴዎስ ጀርባው ላይ ቆሞ ሰይፉን አንስቷል፤ በግራ አንድሮሜዳ ታስራለች፣ እንደ ወተት ነጭ ናት። በቀኝ በኩል ከፊት ደግሞ አንድ ጥቁር ሙዚቀኛ እንግዳ የሆነ መሣሪያ ይዟል። ፒዬሮ ጥቁር ቀለም አልጠፋበትም። ታሪኩ የት እንደሚፈጸም ያውቃል፤ ማስታወሻም አኑሯል። ቀለሙን ለሙዚቀኛው ሰጥቶ ለልዕልቲቱ ነፈጋት። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ማሰሮውን የሣለው ሰው ያደረገውን በትክክል ደገመው። አፍሪካዊው በሥዕሉ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ማሰር፣ ማገልገልና ማጫወት ነው። መወደድና መዳን ለሌላ መልክ ተጠብቀዋል። ክሱ እንዲህ ቢቀርብ ማንም የሚያስተባብለው አይኖርም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሥዕል ውስጥ አብረው ይታያሉ።

ለሠዓሊዎቹ ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች አንድ የሚያነሱት ነገር አለ፤ ኦቪድ በታላቁ መጽሐፉ ፐርሴዎስ አንድሮሜዳን ሲያይ የእብነ በረድ ሐውልት መስላው ነበር ስላለ ነጭ አድርገው ቢሥሏት ምን ያስደንቃል ይላሉ። ጽሑፉ ይህን ባያነሳም መልስ ያስፈልገዋል፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲሺያን ለስፔኑ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊሊጶስ የሠራት፣ ዛሬ ለንደን በዋላስ ስብስብ የምትገኘው አንድሮሜዳ ገላዋ እንደ እብነ በረድ የሚያበራው ከዚህ መስመር ተነስቶ ነው ብሎ መከራከር ይቻላልና። መስመሩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ኦቪድ የሚለው፣ ነፋሱ ጸጉሯን ባያንቀሳቅሰውና ትኩስ እንባ ከዐይኗ ባይፈስ ኖሮ ሐውልት በመሰለችው ነው። የሚያወራው ስለ መደንዘዝ ነው እንጂ ስለ ቀለም አይደለም። የጥንት ሐውልቶችም ቀለም ይቀቡ ነበር፤ እኛ ነጭ ሆነው ያገኘናቸው ቀለማቸው ስለ ረገፈ ነው።

ስለ ሆሊውድ የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1981 የወጣው ፊልም አንድሮሜዳን የኢዮጴ (የዛሬዋ ጃፋ) ልዕልት ማድረጉን ጽሑፉ «ኢትዮጵያን ለማጥፋት የተፈጠረ ውሸት» ይለዋል። ኢዮጴ የፊልም ሰዎች ፈጠራ አይደለችም። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ያረፈበት ነው የሚባል ምልክት በኢዮጴ ዐለት ላይ እንደሚታይ ጽፏል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም ስካውሩስ የተባለ ሮማዊ ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 የአውሬውን አጥንት ነው ብሎ ከኢዮጴ ወደ ሮም አምጥቶ ለሕዝብ እንዳሳየ ይናገራል፤ ርዝመቱ 40 ጫማ፣ የጎድን አጥንቱም ከሕንድ ዝሆን ቁመት በላይ ነበር። የኢዮጴ ሰዎች በዚህ ታሪክ ላይ ያላቸው ድርሻ እንግዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ነው። በ2010 የተሠራው ፊልም ግን አርጎስ ውስጥ አስቀምጧታል፤ ለዚህኛው የሚጠቀስ ጥንታዊ ምክንያት የለም፤ በዚህ ጸሐፊው ቢቆጡ አብሬያቸው ነኝ።

የቀረው የመጨረሻው አቋማቸው ነው፦ «ሠዓሊና ደራሲ የጥንት ታሪክን የመለወጥ መብት የለውም፤ ወደ ዋናው እንመለስ።» የትኛው ዋና? የግሪኩ ተውኔት ጸሐፊ ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ስለ አንድሮሜዳ ያሳየው ተውኔት ጠፍቷል፤ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። ጸሐፊው እንደ ዋና የያዙት ኦቪድ ራሱ ከዚያ አራት መቶ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ሌሎች የተረኩትን እንደ ገና የተረከ ሰው ነው። ጠይሟን አንድሮሜዳ የሰጠን እርሱ ነው፤ መለወጥ ቢከለከል ኖሮ እርሷም አትኖርም ነበር።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1630 ገደማ የሠራትን ትንሽ ሥዕል ፊት ለፊት ቆሜ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ቁመቷ 34 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 24 ተኩል ነው፤ ከአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ጥቂት ብቻ ትበልጣለች። ፐርሴዎስ የለም። አውሬም የለም። ሁለት እጆቿ ከራሷ በላይ ታስረው የተንጠለጠለች ልጅ ብቻ አለች፤ ወገቧ ላይ ነጭ ጨርቅ አለ፣ አንገቷን ወደ ጎን አዙራ ከሥዕሉ ውጭ ያለ አንድ ነገር ታያለች። የምታየው ነገር ለእኛ አይታየንም። ሆዷ እንደ ሐውልት የተስተካከለ አይደለም፤ ትከሻዋ በእጇ ክብደት ተወጥሯል። የሌሎቹ ሠዓሊዎች አንድሮሜዳ ለመታየት የታሰረች ናት፤ ይህችኛዋ ፈርታለች። ሬምብራንት መልኳን ወደ ኢትዮጵያ አልመለሰም፤ ነጭ ናት። ጀግናውንና ድሉን አውጥቶ ፍርሃቷን ብቻ ሲያስቀር ግን ማንም ጥንታዊ ጽሑፍ ያላደረገውን አደረገ። «መብት የለውም» የሚለው ሕግ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህችን ሥዕል ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ጣሊያናዊው ታሶ በ1581 በታተመው ስለ ኢየሩሳሌም ጦርነት በሚተርከው ታላቅ ግጥሙ ውስጥ ክሎሪንዳ የምትባል ተዋጊ ሴት አለች። ነጭ ናት፤ ወላጆቿ ግን የክርስቲያናዊቷ ኢትዮጵያ ጥቁር ንጉሥና ንግሥት ናቸው። ምክንያቱ ከሄሊዮዶረስ የተወሰደ ነው፤ ንግሥቲቱ ሥዕል አይታ ጸነሰች። ታሶ ግን ሥዕሉን ለወጠው። በንግሥቲቱ እልፍኝ ያለው ፐርሴዎስና አንድሮሜዳ አይደሉም፤ የታሰረች ነጭ ልጃገረድና ዘንዶውን በጦር የሚወጋ ባላባት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከአውሮፓ ተቀምጦ የክርስቲያን ኢትዮጵያ ንግሥት መኝታ ቤት ውስጥ ምን ሥዕል ሊኖር ይችላል ብሎ ላሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ ግምት አልነበረም።

ይህ ለውጥ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል ጥንታዊ ቅጂዎች ውስጥ ዘንዶው የለም፤ ወደ ታሪኩ የገባው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ ነው። የሰማዕቱ መቃብር የሚከበርባት ከተማ ልዳ ናት፤ የሐዋርያት ሥራ እንደሚነግረን ልዳ ለኢዮጴ ቅርብ ነበረች። የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ይታይበት ከነበረው ዐለት አጠገብ ሌላ የታሰረች ልጅ፣ ሌላ አውሬና ሌላ ነጻ አውጪ ሲነሱ፣ ብዙ ተመራማሪዎች አንዱ የሌላው ጥላ እንዳለበት ጽፈዋል። እኔም ይመስለኛል።

እንግዲህ አንባቢ ልጅ ሆኖ ያያትን ብሩታዊትን ያስታውስ። ነጩ ፈረስ፣ ከእግሩ በታች የተጠቀለለው ዘንዶ፣ ወደ ታች የተሰነዘረው ጦር፤ ከጎን ደግሞ ዛፍ ላይ ወጥታ ቅርንጫፉን የያዘች ልጅ፣ ስሟ በአጠገቧ ተጽፎ። ስሟ እንደሚነግረን የቤሩት ልጅ ናት። የእኛ ሠዓሊዎች ግን የቤሩትን መልክ አልፈለጉም። ዐይኗን ትልልቅ አደረጉት፣ ቆዳዋን ጠይም፣ ጸጉሯን የአገር ቤት ሹሩባ፣ ልብሷን የሚያውቁት ጥበብ። ማንም ተነስቶ ብሩታዊትን ከሶርያ ሰዎች ሰረቃችኋት አላላቸውም፤ ቢልም ትክክል አይሆንም። የኡፊዚው ሠዓሊ ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል። መልሴ ይህ ነው፦ የእኛ ሠዓሊ ልጅቱን ወደ ራሱ ሰፈር ሲያመጣት ከአጠገቧ የቤሩት ሰው አስቀምጦ በር ጠባቂ አላደረገውም። ፒዬሮ አደረገው።

ጸሐፊው በማጠቃለያቸው ሙዚየሞች ሥዕሎቹን እንዲያወርዱ ጠይቀዋል። እኔ የምጠይቀው ተቃራኒውን ነው፤ ሥዕሎቹ ይቆዩ፣ በኡፊዚው ሥዕል አጠገብ የኦቪድ «ፉስካ» የሚለው መስመር ይጻፍ፣ ተመልካቹ ልዕልቲቱንና ሙዚቀኛውን አከታትሎ ይይ። ለእኛ ሠዓሊዎች ደግሞ በሩ ክፍት ነው። የብሩታዊትን ጠይም ፊት እስከ ዛሬ የሚሥል እጅ ለአንድሮሜዳ አያንስም፤ ልብሷን ምን እናድርግ ቢሉ ኦቪድ ነግሯቸዋል፣ ነጭ።

ጽሑፉ በድጋሚ የሚወጣ ከሆነም ሦስት ነገሮች እንዲታረሙ ጸሐፊውን በአክብሮት እለምናለሁ። «ጥቁር» የተባለው የኦቪድ ቃል «ጠይም» ይባል። የኢዮጴው አንቀጽ ይውጣ ወይም ዮሴፍና ፕሊኒ ይጨመሩበት። የሬምብራንት ሥዕልም አምስተርዳም ነው ያለው ተብሎ ተጽፏል፤ ያለው ዘ ሄግ፣ ማውሪትስሃውስ በተባለው ሙዚየም ነው።